ጧሪና ተጧሪ

«ጡረታ» የሚለው ቃል ዛሬ በመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚጻፍና በአዋጅ የሚነገር ቃል ሆኗል። ነገር ግን ቃሉ በመሥሪያ ቤት አልተወለደም፤ ከቤት ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት የገባ ነው። ሥሩ «ጦረ» ነው፤ ጦረ ማለትም ያረጀ አባቱን፣ የደከመች እናቱን አበላ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። በግዕዝ «ጾረ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ተሸከመ ነው። አማርኛ «ጾም»ን «ጦም»፣ «ጸጉር»ን «ጠጉር» እንደሚል ሁሉ «ጾረ»ንም «ጦረ» ብሎ ወረሰው። እንግዲህ ጧሪ ማለት ተሸካሚ ነው፤ ተጧሪም ሌላው የሚሸከመው ሰው ነው። ልጅን እናቱ በማሕፀኗ፣ ከዚያም በጀርባዋ ተሸክማዋለችና፣ ሸክሙ ተራ በተራ የሚዞር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ይህም ለቃል ጨዋታ ብቻ የተነሣ አይደለም፤ ጥያቄው ያለው በዚሁ ቃል ውስጥ ነውና። ተሸካሚው ሸክሙ ከጫንቃው ሳይወርድ ያረጀ እንደ ሆነ ማን ይሸከመዋል?

ስለ ሽማግሎች ችግር በተነገረ ጊዜ የሰው ልብ ወዲያው የሚሄደው በመንገድ ዳር ወደ ወደቀው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ወደ ዘረጋው ነው። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ያልወደቀ፣ እጁንም ያልዘረጋ፣ ዕድሜው ሰባ ሆኖ ሳለ በሰው በር ላይ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ሌሊቱን የሚያነጋ ዘበኛ አለ። በሽሮ ሜዳ እግሩን ከጉድጓዱ ከቶ፣ ወገቡን አጉብጦ የሚሸምን፣ ዐይኑ ስለ ደከመ ጥለቱን በዳበሳ የሚያወጣ ሸማኔ አለ። በየሰፈሩ ልብስ የምታጥብ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ በጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ አድርጋ የምትቀመጥ አሮጊት አለች። ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በገመድ አስራ፣ ከራስዋ የሚበልጥ ጭነት ተሸክማ ወደ ከተማ የወረደች እናትስ ስንት ናት! ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው የከተማዪቱ ማገዶ ስላነሰ ነበር። ዛፉ በቀለ፤ ማገዶው ግን በራሱ እግር አልወረደም፤ በሴቶች ጀርባ ወረደ እንጂ። ከእነርሱም መካከል የልጅ ልጅ ያዩ ብዙዎች ነበሩ። ከተማዪቱም ምጣዷን በጣደች ቍጥር የማን ጀርባ እንደ ጎበጠ አልጠየቀችም።

እነዚህ ሰዎች ከሁለቱም ወገን የቀሩ ናቸው። ስለሚሠሩ ችግረኛ አይባሉም፤ ስላረጁ ሠራተኛ አይባሉም። መጽዋቹ «ይሠራል እኮ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ቀጣሪው «አርጅቷል እኮ» ብሎ ደመወዛቸውን ያሳንሳል። መቄዶንያ የተባለው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ከየመንገዱ የወደቁትን እያነሣ ያስጠጋል፤ ሕዝቡም በብዙ ልግስና ይሰጠዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። የሚያስደንቀው ግን ለወደቀው እጁ የሚፈታው ይኸው ሰው በገዛ በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ ጥቂት ብር ጨምር የተባለ እንደ ሆነ እጁ የሚታሰር መሆኑ ነው። በዚህ ሥርዐት ሽማግሌው ርኅራኄን ለማግኘት አስቀድሞ መውደቅ አለበት ማለት ነው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ወላጅና ተወላጅ ቀለብ እንዲሰጣጡ ያዝዛሉ፤ በወንድምና በእኅት መካከልም ይህንኑ ግዴታ ያኖራሉ። ዳሩ ግን ቀለብ ለመጠየቅ የሚችለው የተቸገረና በሥራው ኑሮውን ለማግኘት የማይችል ሰው ነው። ይህ ለፍርድ ቤት የሚገባ መለኪያ ነው፤ ዳኛ የልጅን ልብ ሊመዝን አይችልምና። ጥፋቱ የሚመጣው ሰው የዳኛውን መለኪያ ወስዶ የኅሊናው መለኪያ ባደረገው ጊዜ ነው። «አባቴ ገና ይሠራል፤ ስለዚህ ዕዳ የለብኝም» የሚል ልጅ ከሕጉ ፊደል አልወጣ ይሆናል፤ ከልጅነት ግን ወጥቷል።

ብዙ ወጣቶች ሽማግሌ ሁሉ የመንግሥት አበል ያለው ስለሚመስላቸው ስለዚህም ነገር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። በግል ድርጅት የሚሠሩት እንዲህ ያለውን አዋጅ ያገኙት ከ48 ዓመት በኋላ በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሱም በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። በአሁኑ ሥርዐት ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው፤ በየወሩ የሚከፈል አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያሻል። እንግዲህ በ2003 ዓ.ም. ዕድሜው 55 የነበረ አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ይታሰብ። ሠላሳ ዓመት የዱቄት ብናኝ ሲውጥ ኖሯል። ነገር ግን ድርጅቱ አስቀድሞ ያቋቋመው ሌላ የቁጠባ ገንዘብ ከሌለ፣ 60 ዓመት እስኪሞላው ድረስ መዋጮ የገባለት ለ5 ዓመት ብቻ ነው። ዐሥሩ አልሞላምና የወር አበል የለውም፤ አንድ ጊዜ የሚከፈለውን ተቀብሎ ይሰናበታል። በማግሥቱም ሌላ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ይገኛል። የጉሊቷ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛውና በየቤቱ የምታጥበው ሴት ግን ወደዚህም ደጅ አልደረሱም።

አበል የደረሰው ሰውም ቢሆን ሒሳቡ ጠባብ ነው። 10 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ አበሉ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ከመቶ 30 ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 ይጨመራል፤ ከመቶ 70 ግን አያልፍም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ከመቶ 55 ያገኛል ማለት ነው። አበሉ የሚታሰበው በቀድሞ ደመወዙ ሲሆን ጤፉን የሚገዛው በዛሬ ዋጋ ነው። አበሉ አልፎ አልፎ ይሻሻላል፤ ዋጋ ግን አዋጅ እስኪወጣ አይጠብቅም።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ትውልድ ክርክር ይነሣል። ወጣቱ እንዲህ ይላል፦ «የቤት ኪራዬ የደመወዜን እኩሌታ ይበላል። ግብር እከፍላለሁ፤ ጡረታ ይቈረጥብኛል፤ ልጆቼን አስተምራለሁ። በአባቴ ዘመን ሁሉ ነገር ርካሽ ነበረ፤ ታዲያ ስለ ምን አላስቀመጠም? ደግሞስ ሽማግሌው ከሥራው ካልወረደ ሥራ ፈት የሆነው ወንድሜ በየት በኩል ይገባል?» ሽማግሌውም እንዲህ ይመልሳል፦ «ልጄ፣ ያስቀመጥሁትስ አንተን አይደለምን?»

ወጣቱን ውለታ ቢስ ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ፍርድ አይሆንም። ከነገሮቹ አንዱ እውነት ነው፤ ኪራዩ። የቀረው ግን ሲመረመር አይጸናም። አላስቀመጠም የተባለው ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት ቢሆነው፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የዐሥራ ስምንት ዓመት ጐልማሳ ነበረ። በማግሥቱ ዓመት የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ አየ። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ ረኀብ ያፈለሰውን ሕዝብ አየ። በ1983 ዓ.ም. ሁለተኛ መንግሥት ሲለወጥና ያ ሁሉ ሠራዊት ሲበተን አየ፤ ከተበተነውም ወታደር መካከል በየበሩ ዘበኛ ሆኖ የቆመ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን የተረፈ ብር ቢኖር በደብተርና በእርሳስ፣ በልጅ ጫማና በመድኀኒት አልቋል። ስለ ሥራው ሽሚያ የተነገረውም ቢሆን፣ የሽማግሌው ዘበኛ ደመወዝ አንድ ወጣት የማይኖርበት በመሆኑ ወጣቱ ራሱ ሲሰጡት አይቀበለውም። ስለዚህ ሽማግሌውን ማባረር ወንድምን ማስቀጠር አይደለም።

በወንጌል የተገሠጹ ሰዎች ነበሩ፤ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ገንዘብ ለእግዚአብሔር የተሳልሁት ቍርባን ነው እያሉ ከመጦር የሚያመልጡ። ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው ያለ አይመስልም፤ ነገር ግን በሌላ መልክ አለ። አባቱ በሕይወት ሳለ ብርዱን የሚከለክልበት አንድ ጋቢ ያልገዛለት ልጅ፣ አባቱ ባረፈ በአርባኛው ቀን ድንኳን ተክሎ፣ ሰንጋ ጥሎ፣ ካህናቱንም ጎረቤቱንም ሰብስቦ ተዝካር ያወጣል። ተዝካሩ አይነቀፍም፤ ነፍስን ማሰብ የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ለሞተ ሰው የተፈጸመው መባልዕት ለሕያው ሰው ከቀረው ራት ጋር በአንድ ሚዛን ቢቀመጥ የሚከብደው የትኛው እንደ ሆነ ልጁ ራሱ ያውቀዋል።

ስለ ወይን ቦታ ሠራተኞች የተነገረው ምሳሌ ደግሞ በዚህ ነገር ላይ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ አይሰማም። የቀደሙ መተርጉማን ሰዓቶቹን በሰው ዕድሜ ተርጕመው፣ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የተጠራው በሽምግልናው ንስሐ የገባ ሰው ነው ብለዋል። ይህ ወርቁ ነው። ነገር ግን የቅኔ ቤት ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ወርቅ የሚፈስሰው ሰሙ ባበጀለት ቅርጽ ነው፤ ሰሙም የሚናገረው ስለ ሥራ ፈትና ስለ ደመወዝ ነው። የወይኑ ጌታ ቀኑ ሊመሽ ሲል በገበያ ቆመው ያገኛቸው ሰዎች ሥራ የፈቱት የሚቀጥራቸው ስላጡ መሆኑን ነገሩት። በማለዳ የሚቀጥር ሰው የሚመርጠው ማንን ነው? ጕልበታሙን ነው። እስከ ማታ ሳይመረጥ የሚቆየውስ? ደካማው፣ ሽበታሙ ነው። ጌታውም ለዚህ ሰው በገበያው መካከል ሳንቲም አልወረወረለትም፤ ወደ ሥራ አስገባው እንጂ። በመሸም ጊዜ የሰጠው የአንድ ሰዓት ዋጋ ሳይሆን የቀን ዋጋ ነው። የሰው ጕልበት ቢያንስ ሆዱ አብሮ አያንስምና፤ አንድ ሰዓት የሠራው ሰው ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ቤተ ሰብ ሙሉ ቀን የጾመ ነው። ማልደው የገቡት አጕረመረሙ፤ የተዋዋሉት ግን አልጐደለባቸውም፤ ያስቈጣቸው የሌላው መተካከል ነበር። በዛሬው ወጣት ላይ ይህን ምሳሌ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ይጨምር። እነዚያ ዲናራቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር ያጕረመረሙት፤ የዛሬው ወጣት ብዙ ጊዜ የራሱን ዲናር ገና አላየውም።

ስለዚህ ሸክሙን በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጭን ሰው ሌላ ግፍ ይሠራል። ይህንም ለማየት ወደ ዐረብ አገር የሄዱትን ሴቶች ልጆች ማሰብ ይበቃል። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ኵዌት በቤት ሠራተኝነት የሄደች የሃያ ዓመት ልጅ ከደመወዝዋ ለአባትዋ መድኀኒት፣ ለወንድሞችዋ ትምህርት፣ ለቤቱ ቆርቆሮ ትልካለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በተመለሱ ጊዜ፣ ለዓመታት የላኩት ሁሉ አልቆ ባዶ እጃቸውን የገቡ ነበሩ። እናትና አባት በልተውት ሳይሆን ኑሮ በልቶት ነው። ነገር ግን በሌላ አገር የሠራችው ዘመን በአገርዋ የጡረታ መዋጮ አልገባበትም፤ ለራስዋም አላስቀመጠችም። ሃያ ዓመት ሳለች ሁሉን የተሸከመች ይህች ልጅ ስልሳ ዓመት ሲሆናት በጉሊት ትቀመጣለች። «ልጅ ይጡር» እየተባለ ሲመከር የሚረሳው ይህ ነው፤ ጧሪው ብቻውን ከተተወ ነገ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ እርሱ ራሱ ይሆናል።

እንግዲህ ዕዳው የማን ነው? ሽማግሌው በጕልማሳነቱ የሠራው ለልጁ ብቻ አልነበረም። ወፍጮው ለሰፈሩ ሁሉ ፈጭቷል፤ የሸማኔው ኩታ በየበዓሉ በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ነጭ ሆኖ ታይቷል፤ የእንጦጦዋ እናት ማገዶ የስንቱን ቤት ምድጃ አሙቋል። ርካሽ የተባለው የዚያ ዘመን ኑሮ ርካሽ የሆነው የእነርሱ ድካም በርካሽ ስለ ተገዛ ጭምር ነው። ስለዚህ ልጁ ድርሻ አለው፤ የበላይ ድርሻም የእርሱ ነው፤ አሠሪው ግን ድርሻ አለው፤ ሰፈሩ አለው፤ መንግሥትም አለው። ልጁ በድህነቱ ትንሽ ቢሰጥ ከዕዳው ትንሹን ከፈለ እንጂ ምጽዋት አልሰጠም፤ ከእጁ ስላነሰም አይወቀስም።

ከዚህ ጋር የአሰጣጡ ነገር አለ። የሠራ ሽማግሌ ክብሩ ከእንጀራው ይብስበታል። «አባባ፣ እንካ» ተብሎ በሰው ፊት የተዘረጋለትን ብር «አልተቸገርሁም» ብሎ ይመልሳል፤ ማታ ግን ባዶ ሆዱን ያድራል። ብልህ ልጅ ይህን ያውቃል። ብሩን በእጁ አይሰጠውም፤ የዕድሩን ወርኀዊ ይከፍልለታል፤ ከሰል በማዳበሪያ ሞልቶ «መንገዴ ነበረ» ብሎ ያወርድለታል፤ የቤት ኪራዩን ከአከራዩ ጋር ይጨርሳል። ሥራውንም ተው ብሎ አያዋርደውም፤ ሌሊቱን በቀን እንዲለውጥለት ከባለቤቱ ጋር ይነጋገራል። ሥራው ለሽማግሌው እንጀራ ብቻ አይደለምና፤ በማለዳ ተነሥቶ የሚሄድበት፣ ሰው ስሙን የሚጠራበት ነው።

ዕድርም ሲነሣ ያው የወደቀውን ብቻ የማየት ነገር ይገኛል። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው በሰዓቱ ይደርሳል፤ ለቀብር ያልመጣ አባል ይቀጣል። ነገር ግን ያ ሟች ከመሞቱ አስቀድሞ የስድስት ወር ኪራይ ሲቸግረው የሚሰበሰብ ሸንጎ አልነበረም። አንዳንድ ዕድሮች መተዳደሪያቸውን አሻሽለው ከቀብር ገንዘባቸው ለደከሙ አባላት በሕይወት ሳሉ መስጠት ጀምረዋል። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ያው አንዱ ሸክም ነው፤ ከሬሳ ወደ ሕያው መለስ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

የቤተ ክህነትም ቤት ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. አስቀድሞ ካህኑና ደብተራው በሰሞን መሬት ይተዳደር ነበር፤ ሲያረጅም ምግቡ ከዚያው ነበር። መሬቱ ከተወረሰ በኋላ በከተማ ያለው አገልጋይ በደብሩ ደመወዝ ይኖራል፤ በገጠር ያለው የቅኔ መምህር ግን ከገበሬው በሚመጣለትና ተማሪዎቹ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው በሚያመጡለት ነው። ሰባ ዓመት ሆኖት፣ ዐይኑ ፈዞ፣ አሁንም በማለዳ ተቀምጦ የተማሪውን ዘረፋ እየሰማ «አይሆንም፣ መልስ» ይላል። ከእርሱ ዘንድ የወጡት ደቀ መዛሙርት በየደብሩ አለቃ ሆነዋል፤ በየመሥሪያ ቤቱም ገብተዋል። መምህራችን እገሌ ብለው በየጉባኤው ስሙን ይጠራሉ። የሳር ቤቱ ክፈፍ ግን ከተቀደደ ሦስት ክረምት አልፎታል።

የከተማው ዘበኛም ነገር እንዲሁ ነው። በሚጠብቀው ግቢ ውስጥ ያሉት ሁሉ «ጋሼ» ይሉታል፤ ልጆቹም በበሩ ሲገቡ ሰላም ይሉታል። ስሙን የሚያውቀው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ስንት ዓመት እንደ ሆነው፣ ስንት ልጅ እንዳሳደገ፣ የጡረታ መዋጮ ገብቶለት እንደ ሆነ የጠየቀ የለም። አንድ ማለዳ ሳይመጣ ቢቀር፣ ቤቱ በየትኛው ሰፈር እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ከዚያ ግቢ አይገኝም።